ስሙ ይቀየራል፣ መስመሩ ይቀራል፦ የጅቡቲ ሰማይ ኩባንያዎችና የሠራተኛው ጡረታ

ጅቡቲ ውስጥ የምንነግድ ሰዎች ስለ አየር መንገድ ስናወራ ወሬያችን ሁለት ነው፤ ኪሎና ዋጋ። ስንት ኪሎ ያስገባል? ትርፉን በስንት ያስከፍላል? በሳምንት ስንት ቀን ይበራል? ትኬት የሚቆርጠው ልጅ፣ ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ፣ አምቡሊ ላይ ሌሊት ካርጎ የሚያወርደው ሰው ኩባንያቸው ሲዘጋ ወይም ከሌላ ሲዋሐድ ምን እንደሚሆኑ የምንጠይቀው ነገሩ የገዛ ዘመዳችንን ሲነካ ብቻ ነው። በመካከላችን ደግሞ ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ልጇ በአየር መንገድ፣ በወደብ ወይም በምድር ባቡር ተቀጥሮ የሚሠራላት ብዙ ናት። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ሰማይ ታሪክ ከሁለቱም ወገን፣ ከነጋዴውም ከሠራተኛውም በኩል አነሣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ የታሪኩን ፍሬ ልናገር። በዚህ መስመር ላይ ኩባንያ ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ይዋሐዳል፣ ስሙን ይቀይራል። መስመሩ ግን ሰውና ዕቃ እስካለ ድረስ ተዘግቶ አይቀርም፤ አንዱ ሲተወው ሌላው ያነሣዋል። የሠራተኛው የድካም ዋጋ ግን እንደ መስመሩ አይደለም። ተሻግሮ የሚተርፈው ከኩባንያው ካዝና ውጭ ተቀምጦ ከቆየ ነው።

ከሀዲድ ወደ ሰማይ

መጀመሪያ ባቡሩ ነበር። የሀዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በጥንቱ ጊዜ ባቡሩ የሚጓዘው ቀን ቀን ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። ያኔ ተወዳዳሪ የለውም፤ ከግመልና ከበቅሎ በቀር።

ሁኔታው የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። የመጀመሪያው የውጭ በረራው ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ካይሮ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጅቡቲና ኤደንም በመስመሩ ውስጥ ገቡ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ዳኮታዎች ናቸው፤ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ዕቃው መሐል ላይ ይከመራል። የዛሬው ነጋዴ ስለ ሻንጣ ኪሎ ሲከራከር ያንን ዘመን ቢያስብ ይስቃል።

በሀዲዱና በሰማዩ መካከል የነበረውን ውድድር በደንብ የሚያሳየን ጫት ነው። ጫት አይጠብቅም። ዛሬ የተቀጠፈው ነገ ዋጋው ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ገለባ ነው። ስለዚህ ከሐረርጌ ተራሮች ወደ ኤደንና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጫት ወደ አውሮፕላን ዞረ። ጨው፣ ነዳጅ፣ ቡና፣ ስኳርና ብረት ግን ባቡሩ ላይ ቀሩ። እዚህ ላይ በኮሜርስ ትምህርት የሚነገረው ነገር በዓይን ይታያል፤ ውድድር ሁልጊዜ አንዱን አይገድልም፣ አንዳንዴ ዕቃውን ከፋፍሎ ለሁለቱም ያድላል። በሰማዩም ላይ ኤደን ኤርዌይስ የተባለ፣ የእንግሊዙ ቢ ኦ ኤ ሲ ልጅ የሆነ ኩባንያ ከ1949 ጀምሮ ከኤደን ይበር ነበር። እንግሊዝ ኤደንን ለቅቆ በወጣበት በ1967 ተዘጋ።

በዚያው ዘመን የባቡሩ ሠራተኞች በ1940ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ተደራጅተው ነበር። ማኅበራቸው በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያ ሲቀያየር የሠራተኛው ጥያቄ ማን ሰምቶት ያውቃል ቢባል፣ መልሱ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ማኅበር ነው።

ሦስት ጊዜ የተወለደው ኤር ጅቡቲ

ጅቡቲ የራሷን አየር መንገድ ያገኘችው ገና በፈረንሳይ ሥር ሳለች ነው። ኤር ጅቡቲ በ1963 ተመሥርቶ በ1964 መብረር ጀመረ። አገሪቱ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃ ስትወጣ አብላጫውን ድርሻ መንግሥት ያዘ፣ ኤር ፍራንስም ባለድርሻ ነበር። በ1991 ይህ ኩባንያ ሥራውን አቆመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው ስም ሁለተኛው ተነሣ፣ እሱም በ2002 ቆመ። ሦስተኛው በ2015 ታወጀ፣ በ2016 መንገደኛ መጫን ጀመረ። የዚህ የሦስተኛው አውሮፕላንና ቴክኒክ በዌልሱ ካርዲፍ አቪዬሽን በኩል ነበር፤ የኩባንያው መሪም ብሩስ ዲኪንሰን ነበሩ፣ አይረን ሜይደን የሚባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝና አብራሪ።

ስሙ አንድ ነው፣ ኩባንያው ሦስት። ለነጋዴው ይህ ብዙ ለውጥ የለውም፤ አዲሱ ትኬት ይሸጣል፣ እሱ ይገዛል። ለሠራተኛው ግን ሦስት ኩባንያ ማለት ሦስት የቅጥር ደብዳቤ ነው። በመጀመሪያው ላይ የቆጠረው የአገልግሎት ዘመን ለሁለተኛው ዕዳ አይሆንም። የኩባንያ ስም መታደስ የሠራተኛ አገልግሎት መቀጠል እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

1991፦ ሁሉም የተናወጠበት ዓመት

በአፍሪካ ቀንድ 1991 ከባድ ዓመት ነበር። በጥር የሲያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ፣ በግንቦት ደርግ ወደቀ፣ በኅዳር ጅቡቲ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ሶማሌ ኤርላይንስ ቆመ። ኤር ጅቡቲ ቆመ። ሰው ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም፤ እንዲያውም ስደተኛው፣ ሐዋላው፣ የዱባይ ዕቃው በዛ።

ክፍተቱን ማን ሞላው? በዚያው ዓመት ዳሎ የሚባል የግል አየር መንገድ በሶማሌ ነጋዴዎች እጅ ጅቡቲ ላይ ተቋቋመ። በትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ጀምሮ እያደገ ሐርጌሳን፣ መቋዲሾን፣ ዱባይንና ጅዳን አገናኘ። ሁለት የመንግሥት ኩባንያዎች በሞቱበት ዓመት አንድ የግል ኩባንያ ተወለደ ማለት ነው። ለዚህ ነው መስመር አይሞትም ያልኩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1998 ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ጎረፈ። ከዚያ ወዲህ እኛም በዝተን መጣን፤ መንገደኛው በዛ፣ ገበያውም ሰፋ።

በ2009 ሥራ የጀመረው ፍላይዱባይ ጅቡቲን ከቀደምት የአፍሪካ መዳረሻዎቹ አንዷ ሲያደርጋት የዱባይ መስመር ሌላ መልክ ያዘ። ቱርክሽም ኳታርም መጡ። በእኛ በኩል ይህ በረከት ነበር፤ አንዱ ኪሎ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፣ አንዱ ሲያስወድድ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። በትንንሾቹ ኩባንያዎች በኩል ግን ጭንቅ ነው። ነዳጅ የሚገዙት በዶላር፣ አውሮፕላን የሚከራዩት በዶላር፣ የሚወዳደሩት ከጀርባቸው ሀብታም መንግሥት ካላቸው ጋር ነው።

ድር ቢያብር

እንዲህ ያለ ጭንቅ ሲመጣ ኩባንያዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ መዋሐድ። በ2015 ዳሎና የሶማሌው ጁባ ኤርዌይስ በአንድ ጥላ ሥር ለመሆን ተስማሙ፤ ስሙንም አፍሪካን ኤርዌይስ አሊያንስ አሉት። ለመንገደኛው ግን ሁለቱም በየስማቸው መብረራቸውን ቀጠሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት 2 ቀን 2016፣ ከመቋዲሾ ወደ ጅቡቲ ሲበር በነበረ የዳሎ አውሮፕላን ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ጎኑን ቀደደው፤ አብራሪዎቹ መልሰው በሰላም አሳረፉት። አንድ ትንሽ ኩባንያ ስንት ነገር እንደሚሸከም ያሳያል።

ከባሕሩ ማዶም ምሳሌ አለ። ሰሜንና ደቡብ የመን በ1990 ሲዋሐዱ አገሪቱ ሁለት አየር መንገድ ነበራት፤ የሰንዓው የመኒያና የኤደኑ አልየምዳ። ሁለቱ አንድ የሆኑት በ1996 ነው፣ የተረፈው ስም የመኒያ ነው። አገር ለመዋሐድ አንድ ቀን በቃው፤ ሁለት አየር መንገድ ለመዋሐድ ስድስት ዓመት ፈጀ። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ሁለት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት የሒሳብ ክፍል፣ ሁለት ጋራዥ፣ በአንድ ወንበር ላይ ሁለት አብራሪ አለ።

ውህደት ለነጋዴው ምን ያመጣል? ሁለቱ ኩባንያዎች በተለያየ መስመር የሚበሩ ከነበሩ ጥሩ ነው፤ በአንድ ትኬት ሩቅ ይደረሳል፣ ሻንጣም በየመንገዱ አይወርድም። በአንድ መስመር ላይ ይፎካከሩ ከነበሩ ግን ዋጋ ይወጣል፣ በረራ ይቀንሳል። ስለዚህ የውህደት ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ እነዚህ ሰዎች እስከ ትናንት በእኔ መስመር ላይ ይሻሙ ነበር ወይ?

አስተማሪው ሲዋጥ

የኢትዮጵያን አየር መንገድ ያቋቋመውን፣ አብራሪና መካኒክ ያሠለጠነውን ቲ ደብሊው ኤን አንርሳ። በዘመኑ የዓለም ትልቅ ስም ነበር። የኢትዮጵያው አየር መንገድ ቀስ በቀስ በራሱ ልጆች መመራት ጀመረ፤ በ1971 ኮሎኔል ሥምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በደርግ ጊዜም፣ በተለይ በካፒቴን መሐመድ አሕመድ አመራር፣ ብዙዎች ይወድቃል ሲሉት ቆመ።

አስተማሪው ግን አልቆመም። ዕዳ ላይ ዕዳ ከተከመረበት በኋላ በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው። አሁን ወደ ሠራተኞቹ እንሂድ። በአየር መንገድ ሥራ ሁሉ ነገር በቅጥር ቀን ይወሰናል፤ ማን የትኛውን በረራ ይይዛል፣ ማን በበዓል ቤቱ ይውላል፣ ሥራ ሲቀንስ ማን መጀመሪያ ይወጣል። የቲ ደብሊው ኤ የበረራ አስተናጋጆች 4,000 ያህል ነበሩ። ሲዋሐዱ በአሜሪካን ኤርላይንስ ዝርዝር ጭራ ላይ ተደረጉ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለችው ትናንት ከተቀጠረችው በታች ተጻፈች። ከመስከረም 11 በኋላ መንገደኛ ሲጠፋ ቅነሳው ከጭራ ጀመረ፣ በ2003 አጋማሽ ሁሉም ከሥራ ውጭ ነበሩ። በወረቀት ውህደት ይባላል። ለእነሱ መባረር ነበር።

ጡረታውም ላይ ትምህርት አለ። በ2005 ዩናይትድ ኤርላይንስ በኪሳራ ፍርድ ቤት ሳለ የሠራተኞቹን የጡረታ ግዴታ ከራሱ ላይ አወረደ፤ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ነበር። የመንግሥት ዋስትና ድርጅቱ ተረከበው፣ ግን የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው። የበለጠ ቃል የተገባለት ሠራተኛ ትርፉን አጣ። የኩባንያ ቃል ከኩባንያው ዕድሜ አይረዝምም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሄደበት መንገድ ይለያል። እንደ ሌሎቹ ከመዋጥ ወይም ከመዋጥ ማምለጥ ይልቅ በሌሎች ውስጥ ድርሻ ገዛ። በሎሜው አስካይ፣ በማላዊ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ 45 በመቶ። በአገር ቤትም የኤርፖርቶች ድርጅት በ2017 ከእሱ ጋር ተዋሕዶ በአንድ ግሩፕ ሥር ገባ። በኮቪድ ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ጭነት ጫነባቸው። በ2022 ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረማርያም በጤና ምክንያት ጊዜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ጠይቀው ወጡ፣ አቶ መስፍን ጣሰው ተተኩ። ያለ ዕድሜ ጡረታ የዝቅተኛ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይህም ያሳያል።

«ቀድመህ ውጣ» የሚለው ገንዘብ

ኩባንያ ሲጠብ ወይም ሲዋሐድ ከማባረር በፊት የሚመርጠው ሌላ መንገድ አለ። «በፈቃድህ ከወጣህ ይህን ያህል ወር ደመወዝ እሰጥሃለሁ» ይላል። በ2020 ዴልታ ይህን ሲያቀርብ ከ17,000 በላይ ሠራተኛ ተቀበለ። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድም በዚያው ጊዜ በኪሳራ ሞግዚት ሥር ሆኖ አብዛኛውን ሠራተኛ በስንብት ክፍያ አሰናበተ፤ ለማቋቋሚያው መንግሥት 10.5 ቢሊዮን ራንድ መደበ። ከ4,000 በላይ ከነበረው ሠራተኛ የቀረው 1,000 ገደማ ነው።

ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ከደግነት አይደለም፣ ከክፋትም አይደለም። የቆየ ሠራተኛ ደመወዙ ከፍ ያለ ነው። እሱ ሲወጣ ወጪው ለዓመታት ይቀንሳል። ሒሳቡን እነሱ ሠርተው ነው የሚመጡት፤ እኛም ሠርተን እንጠብቃቸው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የ55 ዓመት ሰው በወር 100,000 ፍራንክ ያገኛል እንበል። የ18 ወር ደመወዝ ሲሰጡት 1,800,000 ፍራንክ በአንድ ጊዜ እጁ ይገባል። ብዙ ይመስላል። እስከ 60 ዓመቱ ግን 60 ወር አለ። እንደ ወትሮው ቢኖርበት ገንዘቡ በዓመት ተኩል ያልቃል፣ 42 ወር ባዶ ይቀራል። በዚያ ላይ የ60 ወር የጡረታ መዋጮ አይገባለትም፤ ስለዚህ ኋላ የሚያገኘው ጡረታም ዕድሜ ልኩን ሊያንስ ይችላል። ሌላ ሥራ የሚያገኝ ከሆነ ወይም ኩባንያው ሊዘጋ መሆኑ ከታወቀ መውሰዱ ሊያዋጣ ይችላል፤ ኩባንያ ከተዘጋ በኋላ ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ፊርማው ከሒሳቡ መቅደም የለበትም።

ሌላም ነገር እናውቃለን። ያ የስንብት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ እኛው፣ ወደ ፕላስ መሐሙድ ሀርቢ ዙሪያ ነው። ሠላሳ ዓመት ደመወዝ የለመደ ሰው ሙሉውን ገንዘብ ዕቃ ላይ ያፈስሰዋል። ዘመዳችሁ ከሆነ በፍቅር ንገሩት፤ በንግድ የመጀመሪያው ዓመት የመማሪያ ነው፣ የጡረታ ገንዘብ ግን የመማሪያ ገንዘብ አይደለም።

ገንዘቡ የት ተቀምጧል?

አሁን ወደ ፍሬው ተመለስኩ። በጅቡቲ ሁለት የነበሩት የማኅበራዊ ዋስትና ተቋማት በ2008 ተዋሕደው ሴ ኤን ኤስ ኤስ የምንለው ካዝና ተቋቋመ። ይህ ውህደት ከአየር መንገዶቹ ውህደት የሚለይበት ነገር አለ፤ ገንዘቡ ከአሠሪው ውጭ ነው። አሠሪህ ቢዘጋ የገባልህ መዋጮ አብሮ አይዘጋም። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ ፕሮቪደንት ፈንድ ወይም የስንብት ክፍያ እንጂ የመንግሥት ጡረታ አልነበረውም። ያ የተለወጠው በ2011 በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ በ60 ዓመት ወርኃዊ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚያጣ አስቡት።

የገንዘቡ ዓይነትም ይቆጠራል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ለ1 ዶላር 177.721 ነው፤ አልተነቃነቀም። ብር ግን በሐምሌ 2024 ወደ ገበያ ዋጋ ሲለቀቅ 1 ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሄደ። አገር ቤት የተቀመጠ የስንብት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሳለ ሊሟሟ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለተቀጣሪው ነው። እኛ ነጋዴዎችስ? እኛን ቀድማችሁ ውጡ ብሎ ገንዘብ የሚሰጠን የለም። ጉልበታችን ሲደክም የሚከፍለን አሠሪ የለም። የተዘጋ ኩባንያ ትኬት በእጃችን ይዘን ገንዘባችን ሲቀር ያየን ብዙ ነን፤ ስሙን አልጠራም፣ ግን ማን ነው ተጠያቂው ብለን መስኮት ስንደበድብ መስኮቱ ዝግ ነበር። በኢትዮጵያ የ2011 አዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማራ ሰው በፍላጎቱ የጡረታ ዐቅዱ ውስጥ እንዲገባ በር ከፍቶ ነበር። ዕቁባችንና ዕድራችን ጥሩ ናቸው፤ ዕቁብ ግን ዕቃ ይገዛል፣ ዕድር ይቀብራል። በመካከል ያለውን እርጅና የሚሸፍን ሦስተኛ ነገር የለንም።

ስለዚህ በቤታችሁ በአየር መንገድ፣ በወደብ ወይም በባቡር የሚሠራ ካለ ሦስት ነገር ጠይቁት። የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤው የት ነው? መዋጮው በእያንዳንዱ ወር መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት አለው? ኩባንያው ስም ከቀየረ ወይም ከተዋሐደ የቀድሞው አገልግሎቱ በአዲሱ ላይ መቆጠሩ በጽሑፍ ተረጋግጧል? መልሱ የሌለበትን ዛሬ አሠሪው በሥራ ላይ ሳለ ያስጽፈው። ከተዘጋ በኋላ የሚያስጽፍለት አያገኝም።